መቅደላ በመኪና ወይስ በእግር?

ፈረንጅ ዕረፍት ሲወጣ ደሴት ይወዳል። ግሪክ ይሄድና ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው ሲዘል ይከርማል። ጭንቀቱ አንድ ብቻ ነው፤ «መኪና ልከራይ ወይስ በመርከብና በአውቶቡስ ልብቃቃ?» የሚል። እኛስ? ባሕር የለንም። ደሴት ግን አለን! የጣናዎቹን ማለታችን አይደለም። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ላይ ውኃ ሳይሆን ገደል የከበባቸው ደሴቶች አሉን። ስማቸው አምባ ይባላል።

እስቲ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። ላዩ እንደ ጠረጴዛ የተደለደለ መሬት፣ ዙሪያውን በቢላዋ የተቆረጠ የሚመስል ገደል፣ ከታች ደግሞ የበሽሎ ወንዝ። ማዶው ላይ ሌላ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ። በዓይን ሲያዩት ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስ ይመስላል። መሄድ ሲጀምሩ ግን ግማሹ ቀን በቁልቁለት፣ ግማሹ ቀን በዳገት ያልቃል። በዚያ አገር በቀጥታ የሚሄደው አሞራ ብቻ ነው።

ጉዳዩን ያነሣነው አራት የአዲስ አበባ ጓደኛሞች በላኩልን ጥያቄ ነው። «ገንዘብ አጠራቅመናል። መቅደላን ማየት እንፈልጋለን። ሁለታችን መኪና ካልተከራየን አንሄድም እንላለን። ሁለታችን ደሞ አውቶቡስና እግር ይበቃናል እንላለን። ልንጣላ ምንም አልቀረንም፤ እባካችሁ ፍረዱን» ይላሉ። ጥያቄው የነሱ ብቻ አይደለም። አገሩን ሊያይ የተነሣ የከተማ ልጅ ሁሉ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ፍርዱን ከመስጠታችን በፊት መንገዱን ከሥር ከሥሩ እንየው።

ከሁሉም በፊት ሰላሙን ጠይቁ

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ስንቱን መንገድ ዘግቷል፣ የስንቱንም ቤት አንኳኩቷል። ዛሬ የተከፈተ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላል፤ የተዘጋውም ሊከፈት ይችላል። ስለዚህ «አምና እገሌ ሄዶ በሰላም ተመልሷል» ማለት ወሬ እንጂ መረጃ አይደለም። መረጃ የሚባለው በዚያው ሳምንት ደሴ መናኸሪያ የሚሠራ ሾፌር፣ ወይም እዚያው ተንታ የሚኖር ሰው የነገራችሁ ነው። አንዱን ብቻ ሳይሆን ሁለት ሦስት ሰው ጠይቁ። ስልክ የሚያነሣ ከጠፋ፣ ወይም ያነሣው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ትንሽ ብትቆዩ» ካላችሁ፣ በቃ ቆዩ። ይህ ፍርሃት አይባልም። የተከራያችሁት ላንድክሩዘር ይህን ጥያቄ አይመልስላችሁም፤ እንዲያውም ዓይን ይስባል። ከዚህ በታች የምንነግራችሁ ሁሉ መንገዱ ሰላም ሲሆን የሚሠራ ነው። አምባው እንደሆነ የትም አይሄድም።

እስከ ደሴ መኪና ምን ያደርጋል?

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አስፋልት ነው። አውቶቡሶቹ ገና ሳይነጋ ይነሡና ደብረ ብርሃን ላይ በብርድ ያንቀጠቅጧችኋል። ከዚያ በጣልያን ጊዜ በተፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ ገብታችሁ ትወጣላችሁ። ጭጋጉ በማይገፈፍበት ቀን የፊታችሁ መኪና የኋላ መብራት ብቻ ነው የሚታየው። ከዚያ ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት! ጃኬት አውልቁ። ከሚሴን አልፋችሁ ኮምቦልቻ ትደርሳላችሁ፤ ከኮምቦልቻ ደግሞ የሐረጎን ጥምዝምዝ ዳገት ወጥታችሁ ደሴ። ጃኬት ልበሱ።

ይህን ሁሉ መንገድ በራሳችሁ ወይም በኪራይ መኪና ብትሄዱ የምታተርፉት ነገር ቢኖር እንደልብ ቆሞ ሻይ መጠጣት ነው። የሚቸኩልና ገንዘብ ያለው ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ስላለ በረራ መኖሩን ይጠይቅ። ለሌላው ግን አውቶቡስ ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መሄድ ያደክማል፤ ስለዚህ ያን ሌሊት ደሴ እደሩ። የጦሳን ተራራ እያያችሁ አንድ ቀን ብትውሉም አትጎዱም። ዋናው ነገር በደከመ እግር ወደ አምባ አለመሄድ ነው።

«መቅደላ አምባ» ስትሉ ተጠንቀቁ!

ይህችን ምክር በደንብ ያዟት። ደሴ መናኸሪያ ገብታችሁ ለረዳቱ «መቅደላ አምባ» ካላችሁት፣ ሻንጣችሁን ነጥቆ ጣራ ላይ ይሰቅልና ከተማሪዎች መሐል ሊያስቀምጣችሁ ይችላል። ለምን? መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የሚባል አለ። ግቢዎቹ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ናቸው። እነሱ ደግሞ በለጋምቦና በቦረና በኩል ናቸው። መቅደላ የሚባል ወረዳም አለ። አፄ ቴዎድሮስ የሞቱበት አምባ ግን ያለው ተንታ ወረዳ ውስጥ ነው፤ ላዩ ላይ ያለችው መንደር አምባ ማርያም ትባላለች። ስለዚህ «ተንታ፣ አምባ ማርያም» በሉ። አንድ ቃል አንድ ቀን ታተርፋላችሁ።

ከደሴ ወደ ተንታ የሚሄደው መንገድ በኩታበር በኩል ነው። ኩታበር ከደሴ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ እንደ ወቅቱና እንደ ዝናቡ ጠባዩ ይለዋወጣል። ከተንታ ወደ አምባ ማርያም ያለው ደግሞ ይብሳል። መኪና እስከ የት ድረስ እንደሚገባ ካርታ አይነግራችሁም። በዚያው ሳምንት ወጥቶ የወረደ ሾፌር ነው የሚነግራችሁ። ወሎ ውስጥ ዝናብ በክረምት ብቻ አይመጣም፤ በልግም አለ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለመንገድም፣ ለእግርም፣ ለዓይንም ይሻላል።

መኪና ለያዛችሁ

መኪና ይዛችሁ መሄዱን ከቆረጣችሁ እንግዲህ የሚከተለውን ስሙ።

አንደኛ፣ ቪትዝ ለቦሌና ለመገናኛ ትመቻለች፤ ለበሽሎ ቁልቁለት ግን አልተፈጠረችም። ከፍ ያለና ፎር ዊል ያለው መኪና ያስፈልጋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ወጣቶች በዝታችኋል። እንኳን ደስ ያላችሁ! ያቺን መኪና ግን ቤት ትታችኋት ብትሄዱ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ነዳጅ ደሴ ላይ ሙሉ። ከዚያ ወዲያ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ነዳጅ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ግን ውድ ነው፣ ምን እንደተቀላቀለበትም አይታወቅም። አንድ ሳይሆን ሁለት ትርፍ ጎማ ያዙ። ክሪኩ መሥራቱን መንገድ ላይ ሳይሆን ግቢያችሁ ውስጥ አረጋግጡ። ጎሚስታ በየመታጠፊያው አታገኙም።

ሦስተኛ፣ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ አትውረዱ። በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ እየያዘላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ፍሬኑ ግሎ ጢስ ጢስ መሽተት ከጀመረ ቆማችሁ አቀዝቅዙት። ፀሐይ ከገባች በኋላ ደግሞ ጭራሽ አትንዱ።

አራተኛ፣ መንገድ ላይ ሰው እጁን ያወጣላችኋል። በሽተኛ የያዘ፣ ሸክም የከበደው፣ ገበያ ያመሸበት። ባዶ ወንበር ይዞ አቧራ አልብሶ ማለፍ ነውር ነው። ሁሉን ማሳፈር ግን አትችሉም። ሾፌራችሁ የአካባቢው ልጅ ከሆነ ማን እንደሚቀድም ያውቃል፤ ለሱ ተዉለት።

ስሙን የማንጠቅሰው አንድ የባንክ ሠራተኛ ከጓደኞቹ ጋር ከአዲስ አበባ ላንድክሩዘር ከነሾፌሩ ለአምስት ቀን ተከራይቶ ሄዶ ነበር። ያጫወተን እንዲህ ነው። «ሁለቱ ቀን በመሄድ አለቀ። በሦስተኛው ቀን መኪናው ከዚህ ወዲያ አልሄድም አለ። ሾፌሩ ዛፍ ጥላ ሥር ጃኬቱን አንጥፎ ተኛ፤ እኛ በእግራችን መውጣት ጀመርን። ዳገቱ መሐል ላይ አንዱ ጓደኛችን ቆመና፣ ‹ቆይ! አሁን እኮ የምንከፍለው ለሾፌሩ እንቅልፍ ነው› አለ። ሳቅን። ማታ ግን ሒሳቡን ስንሠራው አላሳቀንም። የኪራዩ ቀን እንዳያልፍብን ብለን አምባው ላይ የቆየነው ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሴባስቶፖል አጠገብ ፎቶ ተነሣን፤ ተመለስን።»

እንግዲህ አያችሁ? አምስት ቀን ተከፍሎበት ሰዓት የማይሞላ መቅደላ! የመኪና ትልቁ ጣጣ ዋጋው አይደለም። ሰዓቱን ራሱ መቁጠሩ ነው።

መኪና ለሌላችሁ

መኪና የሌለው ሰው ደሴ መናኸሪያ በሌሊት ተገኝቶ ሚኒባስ ወይም ቅጥቅጥ ይጠብቃል። ሲሞላ ይነሣል። «ሞልቷል» የሚለው ቃል እዚያ ሌላ ትርጉም አለው፤ እናንተ ሞላ ስትሉ ረዳቱ ገና ሦስት ሰው ይፈልጋል። ጉልበታችሁ ላይ የሰው ልጅ፣ እግራችሁ ሥር የታሰረች ዶሮ ልታገኙ ትችላላችሁ። ችግር የለም፤ ጨዋታው አለ። ወሎዬ ተጎራብቶ ዝም አይልም።

ተንታ ከደረሳችሁ በኋላ ወደ አምባ ማርያም የሚሄድ መኪና በየሰዓቱ አትጠብቁ። መኪና የሚበዛው በገበያ ቀን ነው። ስለዚህ ከደሴ ሳትነሡ የአካባቢውን የገበያ ቀን ጠይቁና ጉዟችሁን በሱ አስሉ። የገበያ ቀን የሄደ ሰው መኪናም ያገኛል፣ መንገድ የሚያሳየውም ያገኛል፣ ወደ አምባው የሚመለሱ ሰዎች አብረውት ይሄዳሉ። በሌላ ቀን የሄደ ደግሞ አንድ ቀን ተጨማሪ ይያዝ።

ሦስት ሴት ጓደኛሞች ይህን ሳያውቁ ሄደው ተንታ ላይ መኪና ቀረባቸው። ቀኑን ሙሉ ጠበቁ፣ አልመጣም። በማግሥቱ ጠዋት ቦርሳቸውን ተሸክመው በእግራቸው ተነሡ። መንገድ ዳር ያሉ አንዲት አሮጊት አይተዋቸው ደነገጡ። «ምነው ልጆቼ፣ መኪናችሁ ተበላሽቶ ነው?» አሏቸው። የከተማ ሰው ፈልጎ በእግሩ ይሄዳል ብለው አልገመቱም። «አይ እማማ፣ መኪናም የለን» ቢሏቸው፣ «አብሽሩ! ታዲያ ግቡና ቡና ጠጡ» ብለው አስገቧቸው። ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጨዋታው ወደ መንገድ ዞረ። የልጃቸው ሚስት ምጥ ጠንቶባት ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ዳገቱን እንዳወጣት አጫወቷቸው። «እኛ መኪና የምንለው የሰው ትከሻ ነው» አሉ። እናትየዋም ልጅየውም ተርፈዋል፤ ልጁ እዚያው ቤት ውስጥ ሲሯሯጥ ነበር።

ከሦስቱ አንዷ ነርስ ናት። «እኛ መኪና አጣን ብለን ስናኮርፍ ነበር የዋልነው። የሳቸውን ከሰማሁ በኋላ አፈርኩ» ብላናለች። በመኪና ቢያልፉ ኖሮ ያ ቤት አቧራ ብቻ ነበር የሚደርሰው።

አፄ ቴዎድሮስም ጎማ አልጠቀማቸውም

«መቅደላ መኪና ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?» የሚለው ጥያቄ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በ1860 ዓ.ም. ሁለት ታላላቅ ጦሮች ይህንኑ ጥያቄ በጎማና በእግር መልሰውታል።

አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀረጹትን ሴባስቶፖል የተባለ ከባድ መድፍ ይዘው ከደብረ ታቦር የተነሡት በመስከረም ወር መጨረሻ ነው። መድፉ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል ይባላል። ጎማ ነበረው፤ መንገድ ግን አልነበረውም። ስለዚህ መንገዱን እየሠሩ ሄዱ። ድንጋይ ተፈነቀለ፣ ገደል ተቆረጠ፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። የጅዳን ሸለቆ ወርደው ወጡ፤ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርደውን የበሽሎን ሸለቆ ወርደው ወጡ። መድፉን በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየጎተተ መቅደላ ያደረሰው መጋቢት ላይ ነው። ስድስት ወር ገደማ ማለት ነው። እኛ በአንድ ቀን ካልደረስን ብለን የምናማርርበት መንገድ!

በሌላ በኩል ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር ይዞ በቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወረደ። ምን ያልያዘው ነገር አለ? ከባሕሩ ዳር ወደ ተራራው ግርጌ የባቡር ሐዲድ ዘርግቷል። በሺህ የሚቆጠሩ በቅሎዎችና ግመሎች ነበሩት። ከባባድ መድፎቹን የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከሕንድ በመርከብ አምጥቷል። ባቡሩ ተራራው ሥር ቆመ። የቀረውን መንገድ የሄዱት እግር፣ ሰኮናና ኮቴ ናቸው። ጅዳና በሽሎ ላይ ሲደርስ ደግሞ ምን አገኘ መሰላችሁ? አፄ ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ያስጠረጉትን መንገድ! እንግሊዞቹ በዚያው መንገድ ወርደው፣ በዚያው ወጡ። መንገድ የሠሪው ብቻ አይደለምና።

ሚያዝያ 3 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት፣ ከአምባው ሥር እሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ። ሚያዝያ 6 ቀን የአምባው በር ተሰበረ፤ አፄ ቴዎድሮስም እጅ ከመስጠት ይልቅ የራሳቸውን ሕይወት አጠፉ። ይህን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። በእግሩ የወጣ ሰው ግን ሌላ ነገር ይገባዋል። ፋህላ፣ እስላምጌ፣ ሥላሴ፣ ከዚያ መቅደላ፤ እያንዳንዱ ስም ትንፋሽ ያስከፍላል። ከመኪና መስኮት ሲታይ ግን ሁሉም አንድ ጋራ ነው።

ያለ መንገድ መውረድም ነበረ። ወጣቱ ምኒልክ በመቅደላ ተይዘው ካደጉ በኋላ በሰኔ 1857 ዓ.ም. ሌሊት ከአምባው ወርደው አመለጡ። የወሎዋ እመቤት ወርቂት አሳለፈቻቸው። የሷ ልጅ በዚያን ጊዜ አምባው ላይ እስረኛ ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስም በቁጣ አስገደሉት። እንግዲህ አምባ ላይ መውጣትና ከአምባ መውረድ ስንት ዋጋ ያስከፍል እንደነበር አስቡት።

በቅሎ የመከራየት ጥበብ

እግር ያልጠና፣ ወይም ዕቃ የበዛበት ሰው በቅሎ ይከራይ። በበቅሎ የምትቀልዱ ካላችሁ ቀልዳችሁን እዚያ ስትደርሱ ትተዋላችሁ። ዋጋውን ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ለመሄድ ብቻ ነው ወይስ ለመመለስም? የባለቤቱ ምሳ በማን ነው? ካደረስ? ይህን ሁሉ በግልጽ ተስማሙ። ባለበቅሎው አብሯችሁ ይሄዳል፤ መንገድ መሪያችሁም እሱ ነው። በዕድሜ ከበለጣችሁ «ጋሼ» በሉት። ቁልቁለት ላይ ውረዱና በእግራችሁ ሂዱ። ለእንስሳዋም ለእናንተም ደህንነቱ በዚያ ነው።

ርቀት ስትጠይቁ «ቅርብ ነው፣ እዚችው ጋ ናት» ከተባላችሁ አትፈንድቁ። ለዚያ አገር ሰው ሁለት ሰዓት ቅርብ ነው። ኪሎ ሜትር አትጠይቁ። «እኔ በምሄደው አካሄድ ፀሐይ ሳትገባ እደርሳለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አካሄዳችሁን አይቶ እውነቱን ይነግራችኋል። አንዳንዴም ይስቃል።

ልብስ በልክ ያዙ። ሸለቆው ቆላ ነው፣ ያነዳል፤ አምባው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ነው፣ ሌሊት ይቆረጥማል። ውኃ ሳትይዙ ወደ በሽሎ አትውረዱ፤ የውኃ ማከሚያም ያዙ። ቆላ የምታድሩ ከሆነ አጎበር አትርሱ። አዲስ ጫማ ለዚህ ጉዞ አይደረግም፤ የለመዳችሁትን አሮጌ አድርጉ። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ ብትይዙ ለፀሐዩም ለቤተ ክርስቲያኑም ለመስጊዱ ደጃፍም ይሆናል። ዝርዝር ብር ያዙ፤ ስልካችሁ ውስጥ ያለ ብር ኔትወርክ በሌለበት ቡና አይገዛም።

ሌሎቹ ደሴቶች

መቅደላን ያየ ሰው ልቡ ወደ ሌሎቹ አምባዎች መሸፈቱ አይቀርም። በመስቀል ቅርጽ የተሠራችው የግሸን ደብረ ከርቤ አምባ በአምባሰል ነች። መስከረም 21 ቀን ለንግሥ የሚወጣው ሕዝብ ስፍር ቁጥር የለውም። በዚያ ሰሞን መኪና ሞልቷል፤ ማደሪያ ግን የለም። መኪና ያለውም የሌለውም የመጨረሻውን ዳገት እኩል ያልበዋል። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ሌላ ጊዜ ይሂድ።

ወደ መካነ ሰላም ከሆነ ሐሳባችሁ ነገሩ ሌላ ነው። ከደሴ በአቀስታ በኩል 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የለጋምቦን ደጋ ታቋርጣላችሁ፤ ባና የለበሱ እረኞች፣ ገብስ፣ በግ፣ ነፋስ። ከመካነ ሰላም አቅራቢያ የደንቆሮ ጫካ አለ፤ ዛሬ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖሩበታል። ከከተማው በአንድ በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ጎጃም የሚያሻግር መንገድ አለ። እዚህ ላይ መኪና ይጠቅማል እንላለን፤ ቦታዎቹ ተራርቀዋል፣ መንገዱም ረጅም ነው። መካነ ሰላም ማለት የሰላም ሥፍራ ማለት ነው። ስሙን የሚመስል ጊዜ ያምጣልን።

እንግዲህ ፍርዱ

አራቱ ጓደኛሞች፣ ስሙ። ከአዲስ አበባ መኪና አትከራዩ። ደሴ በአውቶቡስ ግቡ። ደሴ ላይ ሁለት ሦስት ሰው ጠይቃችሁ፣ የአካባቢውን መንገድ ከሚያውቅ ሾፌር ጋር ለመሄጃውና ለመመለሻው ቀን ብቻ ተነጋገሩ፤ መሐል ያሉትን ቀኖች መኪናው ወደ ሥራው ይመለስ። ወይም በገበያ ቀን ከሕዝቡ ጋር ሂዱ። ከኪራዩ በተረፈው ገንዘብ ሁለት ቀን ጨምሩ፤ በቅሎ ተከራዩ፤ እዚያው ብሉ፤ እዚያው እደሩ። ለመቅደላ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው።

ይህ ለሁሉ አይሠራም። ሽማግሌ አባት ወይም እናት ይዛችሁ ከሆነ፣ ከመካከላችሁ የልብ ወይም የአስም ሕመምተኛ ካለ፣ መካነ ሰላምንና ደንቆሮን በአንድ ጉዞ ማዳረስ ከፈለጋችሁ መኪና ተከራዩ፤ ማንም አይስቅባችሁ። ለታይታ ብቻ ከሆነ ግን ተዉት። ዳገቱ የማንን መኪና አይቶ አያውቅም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?

አምባው ላይ ስትደርሱ ሙዚየም አትጠብቁ። ሴባስቶፖል እዚያው አለ፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የምታዩት ምስሉ ነው። ሌላው ሀብት አገር ለቋል። የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ ዘረፋውን 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ ተሸክሞት እንደነበር ተጽፏል፤ ደላንታ ሜዳ ላይም በሐራጅ ተሸጧል። የመቅደላ ታቦታት ዛሬም ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። የአፄው የፀጉር ቁራጭ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። ልዑል ዓለማየሁ ግን በተቀበሩበት በዊንዘር ናቸው።

ስለዚህ ለመታሰቢያ ብላችሁ ጠጠርም ቢሆን ኪሳችሁ አትክተቱ። ከዚያ አምባ የተወሰደው ይበቃል። ለባለበቅሎው ዋጋውን ከፍላችሁ፣ ቡና ያጠጧችሁን እማማ አመስግናችሁ፣ ቀን ሳይመሽ ውረዱ።

መልካም መንገድ!